ልጆቹ 18 ዓመት ሲሞላቸው ወዴት ይሄዳሉ? በአንድ ጥያቄ የተጀመረ የውይይት ክር

ክሩን የከፈተው ሰው በአሜሪካ ያሉ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናትን አገልጋዮች ነው የሚጠይቀው። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ተጠምቀው የቆረቡ፣ በጥምቀትና በትንሣኤ ነጭ ለብሰው የዘመሩ ልጆች 18 ዓመት ሲሞላቸው ወዴት ይሄዳሉ? መልሱንም ራሱ አቅርቧል፤ ልጆቹ ግእዝም አማርኛም አይሰሙምና ቅዳሴው በእንግሊዝኛ ይሁን ይላል። ለማስረጃ ሁለት ቁጥሮች ጠቅሷል። በኢትዮጵያ የሕዝብ ቆጠራ የኦርቶዶክሳውያን ድርሻ በ1987 ዓ.ም. ከነበረበት 50.6 በመቶ በ1999 ዓ.ም. ወደ 43.5 በመቶ ወርዷል። በአሜሪካ ደግሞ በጋሎፕ መጠይቅ የቤተ እምነት አባል ነኝ የሚለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1999 ከነበረበት 70 በመቶ በ2020 ወደ 47 በመቶ ዝቅ ብሏል።

መልስ 1 ምስጋና አስቀድሞ ቁጥሮቹን ያርማል። የወረደው ድርሻው እንጂ የሰዉ ቁጥር አይደለም፤ በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል የአገሪቱ ሕዝብ ከ53 ሚሊዮን ወደ 74 ሚሊዮን ገደማ ስላደገ ኦርቶዶክስ ነኝ ያለውም ከ27 ሚሊዮን ወደ 32 ሚሊዮን አካባቢ ጨምሯል። ከዚያም በላይ ቆጠራው የሚጠይቀው ሃይማኖትህ ምንድን ነው ብሎ እንጂ ባለፈው እሑድ የት ነበርክ ብሎ አይደለም። ስለዚህ ሦስት ሰዎችን እንለይ ይላል፦ ሃይማኖቱን የለወጠ፣ ሃይማኖቱን ይዞ አባልነቱን የተወ፣ አባል ሆኖ እየከፈለ ከቅዳሴ የቀረ። ለሦስቱ መድኃኒቱ አንድ አይደለም። በዚህ ክር ውስጥ ካሉት መልሶች ሁሉ በኋላ ላይ ደጋግሞ የተጠቀሰው ይህ ነው፤ ተገቢም ነበር።

መልስ 2 የጥያቄውን አቅጣጫ ለወጠው። ጸሐፊው ሰንበት ትምህርት ቤትን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው። ልጆቹ ከቤተ ክርስቲያን አልቀሩም፣ መጀመሪያውኑ አልገቡም ይላል። የብዙ አጥቢያዎችን የእሑድ ፕሮግራም ተመልከቱ፤ ላይኛው ቤት ቅዳሴ እየተቀደሰ ሳለ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉት ልጆች ምድር ቤት ናቸው። እዚያ ፊደል ይቆጥራሉ፣ መዝሙር ያጠናሉ፣ ቀለም ይቀባሉ፤ ቅዳሴው ሲያልቅ ወላጅ ወርዶ ይወስዳቸዋል። እንዲህ በ10 ዓመት ውስጥ ወደ 500 እሑድ ያልፋል። ልጁ 16 ዓመት ሲሆነው የምድር ቤቱ ክፍል ያበቃል፣ ወደ ላይ ውጣ ይባላል። ላይ ሲወጣ መቼ እንደሚሰገድ፣ መቼ ለካህኑ መልስ እንደሚሰጥ፣ የትኛው ንባብ እንደሚቀድም አያውቅም። እንግዳ ሆኖ በሩ አጠገብ ይቆማል፤ እንግዳ ደግሞ ብዙ አይቆይም። ትርጉም ይህን አያድንም፤ በእንግሊዝኛም ቢሆን የማያውቁት ሥርዓት የማያውቁት ነው።

ከ3 እስከ 5 ያሉት መልሶች ይህን ተቀብለው ወደ ሰዓት ክፍፍል ይገባሉ። መልስ 3 እንደሚያስረዳው ልጆች ምድር ቤት የወረዱት አስተማሪዎቹ ስለበደሉ አይደለም። ቅዳሴው ሁለት ሰዓት ተኩል ወይም ሦስት ሰዓት ይወስዳል፣ ከዚያ 40 ደቂቃ ስብከት፣ ከዚያ ማስታወቂያ፣ ከዚያም የሕንፃ መዋጮና አንዳንዴ ጨረታ ይከተላል። ጠዋት ከ12 ሰዓት ጀምሮ የነበረ ቤተሰብ ከአምስት ሰዓት በኋላ ልጁን ክፍል አስገብቶ አይጠብቅም። ስለዚህ ክፍሉ የተረፈችውን ሰዓት ያዘ፤ እርሷም የቅዳሴው ሰዓት ናት። መልስ 4 መፍትሔውን በደቂቃ ያስቀምጣል፦ ማስታወቂያ በጽሑፍ ተልኮ በቃል 5 ደቂቃ ብቻ፤ ስብከት 20 ደቂቃ፤ ገንዘብ የሚጠየቀው በወር አንድ እሑድ፤ የተረፈችው 45 ደቂቃ የልጆች ክፍል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ልጆቹ ቅዳሴውን ሙሉ እንዲቆሙ ማስገደድ አያስፈልግም፤ ከወንጌል ንባብ ጀምሮ እስከ ሥርዓተ ቁርባን ፍጻሜ ይግቡ፣ ከዚያ እያደር ወደ መጀመሪያው ይራዘም። መልስ 5 በዚህ ላይ አንድ ነገር ይጨምራል፤ እኔም በጣም ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ከወንጌል በኋላ ዲያቆኑ ንኡሰ ክርስቲያን ይውጡ ብሎ ያውጃል። ያ አዋጅ ያልተጠመቁትን ይመለከታል፤ እኛ ግን የተጠመቁትንና የቆረቡትን ልጆች ከአዋጁም በፊት አስወጥተናል።

መልስ 6 ከአንድ የወንጌላውያን አጥቢያ አገልጋይ የመጣ ነው። እኛ ዘንድ ቅዳሴ የለም፣ የጠራ አማርኛ ስብከትና መዝሙር እንጂ፤ ልጆቻችን ግን እንደ እናንተው ይቀራሉ ይላል። የእነርሱ መንገድ የወጣቶች የእንግሊዝኛ አገልግሎት በሌላ አዳራሽ መክፈት ነበር። ያስገኘው ጥቅም አለ፤ ልጆቹ የሚሰበከውን ሰምተዋል። የተበላሸው ደግሞ ሁለት ትውልድ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ጉባኤ መሆናቸው ነው። ሽማግሌዎቹ የሚመሩት አማርኛውን፣ በጀቱም የአማርኛው ነው፤ የወጣቶቹ መሪ ሥራ ሲቀይር ወይም ሌላ ግዛት ሲሄድ አገልግሎቱ አብሮ ይፈርሳል። ከዚያ ወጣቶቹ እንግሊዝኛው የተሻለ ወደ ሆነበት የአሜሪካ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፣ ወይም የትም አይሄዱም። በአሜሪካ የሚኖሩ ኮሪያውያን አብያተ ክርስቲያናት ከ1990ዎቹ ጀምሮ የተወያዩት ስለዚሁ መሆኑን ያስታውሳል። ከሌላ ቤት የመጣ ሰው ጉዳቱን እንዲህ ገልጦ መናገሩ ክሩን አክብሮታል፤ መልስ 7 እና 8 ከማመስገን በቀር ብዙ አልጨመሩም።

መልስ 9 ላይ ድምፁ ተቀየረ። ጸሐፊው እንግሊዝኛ የሚሉትን ሁሉ በተሐድሶነት፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያኒቱን ሥርዓት ለመለወጥ በመነሣት፣ ይከሳል። አባቶች ያቆዩትን ግእዝ የሚነካ ሰው ሃይማኖቱንም ይነካል፣ ልጁን ቋንቋ ያላስተማረ ወላጅ ጥፋቱን ቤተ ክርስቲያን ላይ አያላክክ ይላል። ስለ ወላጆች የተናገረው ላይ እውነት አለው፤ ክሱ ግን ከባድ ነው፣ ማንም ያላለውን ነገር ነው የሚቃወመው።

መልስ 10 በዚያው ስለት መልሷል። ግእዙ መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ከግሪክ የተተረጎመው በአክሱም ዘመን ነው፤ ያን ጊዜ ሕዝቡ ይስማ ተብሎ የተሠራው ሥራ ዛሬ ኃጢአት የሚሆነው በምን ሕግ ነው ብሎ ይጠይቃል። ቀጥሎም በካሪቢያን ያለውን ታሪክ ያነሣል። በትሪኒዳድ፣ በጉያናና በጃማይካ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ቅዳሴውን በእንግሊዝኛ ሲሰሙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ያንን አገልግሎት የመሩት አቡነ ይስሐቅም የቅዱስ ሲኖዶስ ሊቀ ጳጳስ ነበሩ እንጂ መናፍቅ አልነበሩም። እዚህ ላይ ክሩ ትንሽ መንገድ ስቶ መልስ 11 እና 12 ስለ ቦብ ማርሊ ሆኑ፦ እ.ኤ.አ. በ1980 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ሥርዓት መጠመቁ፣ በቀጣዩ ዓመትም የቀብር ጸሎቱ በዚያው ሥርዓት መደረጉ። መልስ 13 በትሕትና ወደ ጉዳዩ መልሷቸዋል።

ያው መልስ 13 በእኔ ግምት የክሩ አጥንት ነው። የቅዳሴን አገልግሎት ከውስጥ የሚያውቅ ሰው የጻፈው መሆኑ ያስታውቃል። እንግሊዝኛ ይሁን ማለት ቀላል ነው፣ ማን ይቀድስ? ይላል። ለአንድ ቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት። በአንድ መንበር በቀን አንድ ቅዳሴ ብቻ ይቀደሳል፤ ያገለገሉት ካህናትም በዚያው ቀን ደግመው አይቀድሱም። ስለዚህ እሑድ ጠዋት አማርኛ፣ እሑድ ረፋድ እንግሊዝኛ የሚለው ሐሳብ ሁለተኛ ታቦትና ሌሎች አምስት አገልጋዮች ለሌሉት አጥቢያ አይሠራም። የሚሠራው ቅዳሜ ነው። ቀዳሚት ሰንበትን የምታከብር ቤተ ክርስቲያን የቅዳሜ ቅዳሴ እንግዳዋ አይደለም፤ በወር አንድ ቅዳሜ በእንግሊዝኛ ይቀደስ፣ ዲያቆናቱ እዚሁ ከተወለዱት ወጣቶች ይሁኑ።

ዜማውንም አልዘለለውም። ግእዙ ላይ የተሠራ የዜማ ስልት እንግሊዝኛ ቃል ላይ ሲጫን ቃሉ ይሰበራል፤ አንዱ ፊደል ላይ ስድስት ቅላጼ ይወድቅና ትርጉሙ ይጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚተረጎመው በንባብ የሚሄደው ክፍል ነው። ከጳውሎስ፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክትና ከሐዋርያት ሥራ የሚነበቡት፣ ወንጌሉም፣ ከዚያ ጸሎተ ሃይማኖትና አቡነ ዘበሰማያት። ምስባኩ፣ ማለት ከወንጌል በፊት የሚዜመው የመዝሙረ ዳዊት ጥቅስ፣ በግእዝ ይሰበክ፣ ትርጉሙ ይታይ። ሕዝቡ የሚቀበለው ተሰጥዎ በግእዝ ይቆይ፣ ግን በላቲን ፊደል በአንዲት ቀጭን መጽሐፍ ይታተም፤ አጭርና ተደጋጋሚ ስለሆነ ልጆች በሦስት ወር ይይዙታል። ይህን የያዘ ልጅ አዲስ አበባም ሆነ ለንደን ቢሄድ ቅዳሴው የእርሱ ነው። በእንግሊዝኛ ብቻ ያደገ ልጅ ግን ከራሱ አጥቢያ ውጭ እንደገና እንግዳ ይሆናል።

መልስ 14 ስለ ስክሪን ነው። ግብጻውያን ኦርቶዶክሳውያን በቅብጥ፣ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ማሳየት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ የእኛም የቅዳሴ መጽሐፍ በግእዝ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ታትሟል፣ ስለዚህ ጽሑፉ አለ። የሚበላሸው አሠራሩ ላይ ነው። ስክሪኑን ከመጋረጃው አጠገብ የሰቀሉ ሰዎች ሕዝቡ መቅደሱን ትቶ ግድግዳ እንዲያይ አድርገዋል፤ በቀኝና በግራ ዓምድ ላይ ይሁን፣ ከጥቁር መደብ ላይ በነጭ ፊደል፣ ብርሃኑ ዝቅ ብሎ። የሚያንቀሳቅሰው ልጅ ቅዳሴውን የማያውቅ ከሆነ ካህኑ አንዲት ጸሎት በለሆሳስ ሲያልፉ ስክሪኑ ወደኋላ ይቀራል፣ ሕዝቡም ይደናገራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ገጽ በጸሎቱ ስም ይጠራ እንጂ በተራ ቁጥር ብቻ አይሁን፤ የሚቀደሰው ከ14ቱ ቅዳሴያት የትኛው እንደሆነና የዕለቱ ግጻዌ (የንባባቱ ምድብ) ሐሙስ ማታ ይነገረው፤ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ጊዜ ከዲያቆኑ ጋር ይለፈው።

መልስ 15 በአጭሩ ሁላችሁም የረሳችሁት ሥጋ ወደሙ ነው ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው ውይይት ወደዚህ ዞረ፤ እኔም ልቤ ያለው እዚህ ነው። ልጅ ሆኖ በየሳምንቱ የቆረበ ሰው ከ12 ወይም ከ13 ዓመቱ በኋላ እስከ ጋብቻው፣ ብዙውም እስከ ሽምግልናው አይቀርብም። ሥርዓቱ አልከለከለውም፤ ልማዱ ነው የከለከለው። ቁርባን የሕፃንና የሽማግሌ ነው የሚል አስተሳሰብ በመካከል ያለውን ሃምሳ ዓመት ባዶ አድርጎታል። የማይበላበት ማዕድ ዙሪያ ለሦስት ሰዓት የሚቆም ወጣት ቢቀር ምን ይደንቃል?

መልስ 16 እንዴት እንደሚጀመር በዝርዝር አስቀምጧል። በዓመት አራት እሑዶች ለወጣቶች ይለዩ፤ ሌላው ሰው አይከለከልም፣ ግን ያን ቀን ብቻቸውን እንዳልሆኑ ያውቃሉ። ከሁለት ሳምንት በፊት እንግሊዝኛ የሚያውቅ የንስሐ አባት ሁለት ምሽት ይቀመጥ። ከቁርባን በፊት 18 ሰዓት መጾም አለና ሰዓቱ በቁጥር ይነገራቸው፤ ጠዋት 3 ሰዓት የሚቆርብ ልጅ የመጨረሻ ምግቡን ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት መብላት አለበት። ቅዳሜ ከሰዓት የኳስ ጨዋታ ያለው ልጅ ይህን ካላወቀ በረሀብ ይወድቃል ወይም ሳያውቅ ይበላና እሑድ አፍሮ ከሰልፉ ይወጣል። አንድ ጊዜ ያፈረ ልጅ ደግሞ ሁለተኛ ለመሰለፍ ዓመታት ይፈጅበታል።

መልስ 17 ከዚህ ሁሉ በፊት በሩ አለ ይላል፤ ቃሉም መራራ ነው። ለስድስት ወር ጠፍታ የመጣች ልጅ መጀመሪያ የምትሰማው የሱሪዋን ነገር ከሆነ ሁለተኛ አትመጣም። አስተናጋጁ ሥርዓት ማስከበሩ አይደለም ችግሩ፤ የመጀመሪያው ቃል ተግሣጽ መሆኑ ነው። በር ላይ 20 ወይም 30 የታጠቡ ነጠላዎችና መጠቅለያ ጨርቆች በቅርጫት ይቀመጡ፣ እንኳን ደኅና መጣሽ ይቅደም፣ ነጠላው በእጅ ይሰጥ። የሚያጥብ ሰው በስም ካልተመደበ ግን በሦስተኛው ሳምንት ቅርጫቱ የቆሸሸ ጨርቅ ማጠራቀሚያ ይሆናል። መልስ 9ን የጻፈው ሰው እዚህ ተመልሶ፣ ይህኛውን እንደሚደግፍና ቀድሞ የተናገረው እንደከበደ ጽፏል። በይቅርታ አልጨረሰውም፣ ግን ለዝቧል።

መልስ 18 ቋንቋም ቁርባንም ያላራቃቸውን ሰዎች ያስታውሳል፤ በጥል የሄዱትን። በስደተኛውና በአገር ቤቱ ሲኖዶስ መካከል የነበረው መለያየት በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዋሺንግተን ዲሲ በእርቅ ሲዘጋ አባቶች ታረቁ፤ በየአጥቢያው የተቆራረጡት ምእመናን ግን በአዋጅ አልተመለሱም። አገር ቤቱ፣ ስደተኛውና ገለልተኛው በሚል ሦስት ስም በአንድ ከተማ የተከፋፈሉ ቤተሰቦች አሉ፤ የቦርድ ክርክር ፍርድ ቤት ሲደርስ ያዩ ልጆች ያንን ነው ሃይማኖት ብለው የያዙት። ቀጥሎ የመጣው መልስ 19 ወደ አገር ቤት ፖለቲካና ወደ ብሔር ነገር ሊወስደው ሲል ሁለት ሰዎች ተሰዳደቡ። ያንን አልዘግበውም። ከእርሱ ውስጥ የሚጠቅም አንድ ነገር ቢኖር፣ በእናቱ ቋንቋ መሰማት የሚፈልገው እንግሊዝኛ ተናጋሪው ልጅ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ የኦሮምኛና የትግርኛ ተናጋሪው ምእመንም ጥያቄ ያው ነው።

መልስ 20 ከዐረብ አገር ነው። እዚህ ሰው የሚቀረው ስለ ሰለቸው አይደለም፤ የቤት ሠራተኛ የዕረፍት ቀኗን አሠሪዋ ነው የሚወስንላት። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ የሳምንቱን ዕረፍት ወደ ቅዳሜና እሑድ ሲያዞሩ፣ በዓርብ ላይ የተደራጀው አገልግሎት ለብዙዎች ተናጋ። በሳዑዲ ጭራሹን የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ የለም። ለእነዚህ ሰዎች በቀጥታ የሚተላለፈው ቅዳሴ የሰነፍ ምርጫ አይደለም፣ ያላቸው ይኸው ነው፤ ስለዚህ ስርጭቱ ሰዎችን ያስቀራልና ይዘጋ የምትሉ አስቡበት ይላል። መልስ 21 በአሜሪካም የሌሊት ተረኛ ነርስና የአውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኛ እንዳለች ጨምሯል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከሥራ የምትወጣ ሴት ቅዳሴው 3 ሰዓት ተኩል ሲያልቅ እኩሌታውን ትደርሳለች፣ ለመቁረብ ግን ከመጀመሪያው መገኘት አለባት። በጾም ወራት በሥራ ቀን የሚቀደሰው የከሰዓት ቅዳሴ ለእርሷ ነው፤ ቀኑና ሰዓቱ ቀደም ብሎ በስልክ ካልተላከላት ግን አታውቀውም።

ስለ መኪና ማቆሚያ የተነሣውን እዘለዋለሁ። መልስ 22 ስለ መዝገብ ነው፤ ደረቅ ይመስላል፣ ግን ብዙ ነገር የሚወድቀው እዚህ ነው። ቃለ ዐዋዲው፣ የቤተ ክርስቲያኒቱ የአጥቢያ አስተዳደር ደንብ፣ ከ4 እስከ 30 ዓመት ያሉትን በሰንበት ትምህርት ቤት ያደራጃል፤ በውጭ አገር ግን የአጥቢያው መዝገብ የሚይዘው ወርሃዊ መዋጮ የሚከፍለውን ወላጅ ነው። ልጁ በወላጁ ካርድ ሥር ይቆያል፤ 18 ሲሞላው ከካርዱ ይወጣል፣ የራሱን ቅጽ ሙላ የሚለው ሰው ግን የለም። በዚያች ቀን ከቤተ ክርስቲያን ወረቀት ላይ ጠፋ ማለት ነው፤ በኋላ ቢቀርም ማንም አያውቅም። ስለዚህ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ 17 ዓመት የሞላቸው ተለይተው የራሳቸው መዝገብ ይከፈትላቸው፣ የተማሪ መዋጮ ዜሮ ይሁን። ሦስት እሑድ ያልታየ ሰው በዕድሜ እኩያው ይደወልለት። የመጀመሪያው ስልክ ለምን ጠፋህ አይልም፣ ስለ መዋጮም አያነሣም፤ ስለ ጤናው ይጠይቃል፣ ይበቃዋል። ሁለተኛው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። የቀረበት ምክንያት በመልስ 1 ላይ ከተለዩት ሦስቱ በየትኛው እንደሚገባ ይጻፍ፤ ለንስሐ አባት የተነገረ ነገር ግን በየትኛውም ወረቀት ላይ አይገባም።

መልስ 23 ኮሌጅ ሄደው ያሉበት ከተማ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ስለሌለባቸው ልጆች ይጠይቃል። መልስ 24 የግብጽ፣ የአርመን፣ የሶርያና የሕንድ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት በእምነት ከእኛ ጋር አንድ ናቸውና ልጁ ሊቆርብ ይችላል ይላል፤ ነገር ግን በሩ ላይ ማንነቱን የሚገልጽ ነገር ከሌለው ካህኑ ሊያቆርቡት ይቸገራሉ። ስለዚህ ከመሄዱ በፊት የንስሐ አባቱ አንድ ገጽ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ይጻፉለት፦ የተጠመቀበት ቦታና ቀን፣ የሚቆርብ መሆኑ፣ የንስሐ አባቱ ስልክ። የዩኒቨርሲቲው ከተማ በነሐሴው መዝገብ ላይ ስላለ በአቅራቢያው ያለውን አጥቢያ መፈለግ የአንድ ምሽት ሥራ ነው። የክርስትና ስሙም ይጻፍ፤ በጸሎት የሚጠራው በእርሱ ነውና። ልጁ ስሙን የማያውቅ ከሆነ እናቱ ታውቃለች፤ ደብዳቤው ከመታተሙ በፊት ይደወልላት።